ማሽን ስለዞረ ዘይት አይሸጥም፦ «ማሽን አይቁም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎጃም አነስተኛና መካከለኛ አምራቾች ዘንድ በቴሌግራምና በፌስቡክ እየተቀባበሉት ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ከደጀን እስከ ዳንግላ ዘይት የሚጨምቅ፣ ዱቄት የሚፈጭ፣ ወተት የሚያቀነባብር ሰው ሁሉ ሳይደርሰው አልቀረም። መነሻው እውነት ነው። ብዙ ሰው ተበድሮ ማሽን ያስገባል፣ ማሽኑ ግማሽ ቀን ቆሞ ይውላል፣ ባንኩ ግን ወለዱን ሳያስተጓጉል ይቆጥራል። ይህን ያየ ሰው ቢቆጭ አይፈረድበትም። ችግሩ ያለው መድኃኒት ተብሎ የታዘዘው ላይ ነው።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ማሽን የቆመበት ሰዓት ሁሉ ኪሳራ ስለሆነ እያንዳንዱ ማሽን በሙሉ አቅሙ ሳያርፍ ይሥራ። ለጥገና ብሎ ማቆም ቅንጦት ነው፤ ሲበላሽ ይጠገናል። የዓመቱ ጥሬ ዕቃ በብድርም ቢሆን በመከር በርካሽ ተገዝቶ ይከመር። ክዳን፣ ሌብልና መለዋወጫ ግን በሚፈለጉበት ቀን ይገዙ፤ «ቶዮታ መጋዘን የለውም»። አንድ ዓይነት ምርት በብዛት ከተመረተ በኋላ ወደ ሌላው ይታለፍ። ጥራት በመጨረሻ፣ ከመታሸጉ በፊት ይታይ። የሽያጭ ዕቅድ የትልቅ ፋብሪካ ነገር ነው፤ ለእኛ ገበያው ራሱ ያቅድልናል።

ጸሐፊው ምሳሌያቸውን ሁሉ ያነሱት ከኑግ ዘይት ሥራ ስለሆነ እኔም ከዚያው አልወጣም። የምጠቅሳቸው መጠኖች ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ የራሳችሁን ቁጥር አስገብታችሁ ብትሠሩትም አካሄዱ ያው ነው። ቡሬና ደብረ ማርቆስ ላይ የተተከሉት ግዙፍ የዘይት ፋብሪካዎች ሌላ ጉዳይ ናቸው። እኔ የማወራው አንድ መጭመቂያ፣ አንድ ማጣሪያና ከአሥር የማይበልጥ ሠራተኛ ስላለው ቤት ነው።

ማሽን የቆመበት ሰዓት ሁሉ ኪሳራ ነው?

የሥራውን ቅደም ተከተል እንይ። ኑጉ በወንፊት ይጣራል፣ ይሞቃል፣ ይጨመቃል፤ ዘይቱ ታንከር ውስጥ ይዘቅጣል፤ ከዚያ በፊልተር ያልፋል፤ በመጨረሻ ይሞላል። መጭመቂያው በሰዓት 2 ኩንታል ይበላል እንበል። ከኩንታሉ 32 ኪሎ ዘይት ቢወጣ በሰዓት 64 ኪሎ፣ በ8 ሰዓት 512 ኪሎ ማለት ነው። ፊልተሩ ግን በሰዓት 45 ኪሎ ብቻ ያሳልፋል፤ በ8 ሰዓት 360 ኪሎ።

በጸሐፊው ምክር መሠረት መጭመቂያው ቀኑን ሙሉ ዞረ። ምን አገኘን? በየቀኑ 152 ኪሎ ያልተጣራ ዘይት ይተርፋል። በስድስት የሥራ ቀን 912 ኪሎ ይሆናል፤ የአንድ ሊትር ዘይት ክብደት 0.92 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ወደ 990 ሊትር፣ አምስት በርሜል ሙሉ ማለት ነው። ይህ ዘይት ከ28 ኩንታል በላይ ኑግ የተበላበት፣ መብራትና ጉልበት የወጣበት፣ ነገር ግን ለማንም ሊሸጥ የማይችል ዕቃ ነው። የተሸጠው ዘይት መጠን ፊልተሩ ካሳለፈው 360 ኪሎ አንዲት ጠብታ አልጨመረም። በሁለተኛው ሳምንት በርሜል ያልቃል፣ ገንዘቡም ያልቃል፤ ገበሬው ኑጉን ጭኖ በር ላይ ሲመጣ የሚከፈለው ይጠፋል። ያኔ ባለቤቱ «የሥራ ማስኬጃ አጠረኝ» ብሎ ወደ ባንክ ይሄዳል። ገንዘቡ ግን የትም አልጠፋም፤ በርሜል ውስጥ ተቀምጧል።

መጭመቂያው በቀን መሥራት ያለበት 360 ለ64 ተካፍሎ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ነው። የቀረው ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቆም አንድም ሳንቲም አይከስርም። በተቃራኒው ፊልተሩ አንድ ሰዓት ከቆመ ያ ሰዓት የመላው ፋብሪካ ሰዓት ነው፤ 45 ኪሎ ዘይት ሄደ፣ ነገም አይመለስም። ስለዚህ የምሳ ሰዓት ላይ መዘጋት የሌለበት ፊልተሩ ነው፤ ሁለት ሠራተኛ ተፈራርቆ ይብላ። የማጣሪያ ጨርቁ በደለል ሲደፈን ፍሰቱ ይቀንሳልና ተጨማሪ አንድ ሙሉ ጥንድ ጨርቅ ታጥቦና ደርቆ ይጠብቅ፤ ጨርቅ እየታጠበ ማሽን አይጠብቅም። ዘይቱ ወደ ፊልተር ከመግባቱ በፊት አንድ ሁለት ቀን ታንከር ውስጥ ቢዘቅጥ፣ ከዚያም ከታንከሩ ግርጌ ሳይሆን ከፍ ካለ ቧንቧ ቢቀዳ ፊልተሩ የሚሸከመው ደለል በጣም ይቀንሳል፤ ያለ አንድ ብር ወጪ የ45 ኪሎው ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል። አዲስ መጭመቂያ ለመግዛት ብድር የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ይህን ይሞክር።

ለጸሐፊው አንድ ነገር እቀበላለሁ። መስመሩን የሚያንቀው መጭመቂያው ራሱ በሆነበት ቤት ምክራቸው ልክ ነው። ግን «እያንዳንዱ ማሽን» ብለው ጻፉ። እያንዳንዱ አይደለም፤ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ኮምፒውተር አያሻም። ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ማየት ነው፤ በግማሽ የተሠራ ዕቃ የሚከመረው ሁልጊዜ ከየትኛው ማሽን ፊት ነው?

ጥገና ቅንጦት ነው?

እዚህ ላይ ጸሐፊው የቆጠሩት ማሽኑ ሲቆም የሚጠፋውን ሰዓት ብቻ ነው። ሳይቆም የሚያባክነውን አልቆጠሩም። መጭመቂያ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ አይቆምም። ኑጉን እየገፋ የሚጨምቀው ስክሩና በዙሪያው ያሉት ብረቶች በአሸዋ እየተፋቁ ይሳሳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ግፊቱ ይቀንሳል። ማሽኑ ይዞራል፣ ድምፁም ደህና ነው፣ ዘይቱ ግን በፋጉሎው፣ ማለትም ተጨምቆ በሚቀረው የከብት መኖ ውስጥ ይወጣል።

እንለካው። ኑጉ 38 በመቶ ዘይት አለው እንበል። ከ100 ኪሎ ንጹሕ ኑግ ዘይት ያልሆነው 62 ኪሎ ነው። ስክሩ አዲስ ሆኖ ፋጉሎው ውስጥ 8 በመቶ ዘይት ቢቀር፣ ፋጉሎው 67.4 ኪሎ ይመዝናል፤ ዘይቱ 32.6 ኪሎ ይወጣል። ስክሩ አልቆ 12 በመቶ ቢቀር ፋጉሎው 70.5 ኪሎ ይሆናል፤ ዘይቱ 29.5 ኪሎ። ልዩነቱ በኩንታል 3 ኪሎ ነው። ጸሐፊው እንዳሉት ማሽኑ 8 ሰዓት ሳያርፍ 16 ኩንታል ቢበላ በየቀኑ ወደ 49 ኪሎ ዘይት በፋጉሎ ዋጋ ተሸጠ ማለት ነው። ከብት አድላቢው ደስ ይለዋል፤ ለእርሱስ እሰየው።

ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ ሚዛን ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ኩንታል በወንፊት የተጣራ ኑግ ለብቻው አስጨምቆ ፋጉሎውን መመዘንና ቁጥሩን ግድግዳ ላይ መጻፍ ነው። በእርጥበት ምክንያት ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ሦስት ሳምንት በተከታታይ ወደ ላይ ከሄደ ግን ስክሩ ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄድበት ጊዜ ደርሷል። ያለቀው ጠርዝ በጠንካራ ኤሌክትሮድ ብየዳ ተሞልቶ ይሞረዳል። አንድ ተለዋጭ ስክሩ በእጅ ካለ ይህ ሁሉ ሲሆን ማሽኑ የሚቆመው ለመፍቻና ለመግጠሚያው ብቻ ነው።

ቀሪው ጥገና ከላይ ባገኘነው ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ያልቃል፦ ኩሽኔታ ግራሶ ማስገባት፣ ቺንጋ መወጠሩን ማየት፣ የማርሽ ሳጥኑን ዘይት መለካት፣ ወደ ማሽኑ መግቢያ ላይ ያለውን ማግኔት ከምስማርና ከብሎን ማጽዳት። ማግኔት ከሌለ ይገጠም። አንድ ብሎን የገባበት መጭመቂያ የስንት ቀን ሥራ እንደሚያስቆም የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

የዓመቱን ኑግ በመከር መከመር

ከሁሉም በላይ ሰው የወደደው ይህ ነጥብ ይመስለኛል፤ ስሌቱ ያማልላል። ጸሐፊው እንዲህ ያሰላሉ፦ ኩንታሉ በመከር 10,000 ብር፣ በክረምት 12,500 ቢሆን፣ 1,200 ኩንታል የከመረ ሰው 3 ሚሊዮን ብር አተረፈ። ብድሩም በዚሁ ትርፍ ይሸፈናል።

ስህተቱ የት እንዳለ ልብ በሉ። 1,200ው ኩንታል በሙሉ እስከ ክረምት አይቀመጥም። በወር 100 ኩንታል እየተጨመቀ የሚሄድ ነው። በጥር የተጨመቀው ኑግ በጥር ቢገዛም ዋጋው ከመከሩ ብዙ አይርቅም ነበር። ዋጋው በዓመቱ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 12,500 ከወጣ በአማካይ የተረፈው በኩንታል 2,500 ሳይሆን 1,250 ነው፤ ጠቅላላው 1.5 ሚሊዮን። ግማሹ ትርፍ ከወረቀቱ ላይ ወዲያው ጠፋ።

አሁን ወጪውን እናምጣ። የተበደሩት 12 ሚሊዮን ነው። ኑጉ ዘይት ሆኖ በተሸጠ ቁጥር ብድሩ እየተከፈለ ቢሄድ በአማካይ ዓመቱን ሙሉ 6 ሚሊዮን ተይዟል፤ በ18 በመቶ ወለድ 1 ሚሊዮን 80 ሺህ ብር። ኑጉ ተቀምጦ ይደርቃል፣ ይፈሳል፣ አይጥም ድርሻዋን ትወስዳለች፤ 2 በመቶ ብቻ ብንል 240 ሺህ። ለጆንያ፣ ለኪራይ፣ ለጥበቃና ለተባይ መከላከያ 150 ሺህ ብንይዝ ድምሩ 1 ሚሊዮን 470 ሺህ ይሆናል። ከ1.5 ሚሊዮኑ የቀረው 30 ሺህ ብር ነው። ብድሩ በዓመቱ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚከፈል ከሆነማ ወለዱ ብቻውን 2 ሚሊዮን 160 ሺህ ደርሶ ኪሳራ ነው። ይህ ሁሉ ዋጋው በእርግጥ ከጨመረ ነው። ካልጨመረስ?

ያም ሆኖ በመከር ምንም አትግዙ አልልም። ኑግ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲሰበሰብ አዲስ ነው፣ ደረቅ ነው፣ መራጭ የመሆን ዕድል አለ። በክረምት ደግሞ መንገዱ ይጨቀያል፣ ገበሬውም እርሻ ላይ ነው፤ ገበያ የሚወጣው ኑግ ይመነምናል። ስለዚህ መከመር ያለበት ዋጋ ለመጠበቅ ሳይሆን አቅርቦት የሚጠፋባቸውን ወራት ለመሻገር ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ያለውን ፍጆታ አስልቶ ያንን በራስ ገንዘብ ወይም በአጭር ብድር እስከ ግንቦት ድረስ ደረጃ በደረጃ መግዛት፤ ከጥር እስከ ግንቦት የሚጨመቀውን ግን በየገበያው ቀን ለሁለት ሦስት ሳምንት የሚበቃ እየያዙ መሄድ። ለክረምት የሚቀመጠው እርጥበቱ ከ8 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከመሬት በርብራብ ከፍ ብሎ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ርቆ እንዲደረደር፣ እያንዳንዱ ክምር የገባበት ቀን እንዲለጠፍበት። መቀመጥ ካለበት የሚቀመጠው ፍሬው ነው እንጂ ዘይቱ አይደለም። የአገራችን ኑግ ዘይት ከ70 በመቶ በላይ ሊኖሌይክ የሚባለው አሲድ ስለሆነ አየርና ብርሃን ቶሎ ያበላሹታል፤ ያልተነካ ፍሬ ውስጥ ግን ቅርፊቱ ይጠብቀዋል።

ቶዮታ መጋዘን የለውም?

ይህ አባባል ጃፓን ሄዶ ያላየ ሰው ሁሉ የሚደግመው ነው። የጃፓንን ሥራን ደረጃ በደረጃ የማሻሻል ዘዴ የሚያስተምረው የካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ በየወርክሾፑ ግድግዳ ላይ «5ቱ ማ» የሚባለው የሥራ ቦታ አያያዝ መመሪያ ተለጥፏል፤ መልካም ነው፤ ግን ከካይዘን ውስጥ «ዕቃ አትያዝ» የሚለውን ብቻ መዝዞ ማውጣት አያዋጣም።

ቶዮታ ዕቃ ይይዛል፤ የሚይዘው መጠን ግን ጣራ አለው። አነስተኛ ክምችት የሚበቃው አቅራቢዎቹ ብዙዎቹ በአቅራቢያው ስላሉና በሰዓታቸው ስለሚያደርሱ ነው። ያ ሲናጋ እርሱም አካሄዱን ቀይሯል። በመጋቢት 2011 (እ.ኤ.አ.) የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ምርቱን ካስተጓጎለ በኋላ ለመኪናው የሚገቡ የኤሌክትሮኒክስ ቺፖች አቅራቢዎች ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ እንዲያከማቹ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ቺፕ ከዓለም ገበያ ሲጠፋ ሌሎች መስመር እየዘጉ እርሱ ለወራት የቆየው በዚህ ነው፤ በኋላ እርሱም መቀነሱ አልቀረም።

የደብረ ማርቆስ ዘይት ቤት ክዳን ከአዲስ አበባ የሚመጣው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ያውም ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ነው። ቁልቁለቱ ላይ አንድ ተሳቢ ከተጋደመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ስንት መያዝ እንዳለበት የሚወሰነው በአማካይ የማድረሻ ጊዜ ሳይሆን በክፉው ጊዜ ነው። በቀን 200 ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ይሞላል እንበል፤ ክዳን በተለምዶ በ5 ቀን ይደርሳል፣ በክፉ ጊዜ ግን በ15። 1,000 ክዳን ሲቀር ያዘዘ ሰው በክፉ ጊዜ አሥር ቀን እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። 3,000 ሲቀር ያዘዘ ሰው አይቆምም። 3,000 ክዳን ካርቶን ውስጥ ሆኖ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ዋጋውም ከአንድ ቀን የዘይት ሽያጭ ጋር አይወዳደርም። ሌብልም፣ የፊልተር ጨርቅም፣ ቺንጋም፣ ኩሽኔታም እንዲሁ፤ ርካሽና ትንሽ፣ ሲጠፋ ግን መላውን የሚያስቆም።

ባዶ ጄሪካን ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ቦታ ይበላል፣ አቧራ ይጠጣል፣ አየር ማከማቸት ነው። እርሱ በየሳምንቱ ይምጣ።

በብዛት አንድ ዓይነት ማምረት

ባለ አንድ ሊትሩን ግማሽ ወር፣ ባለ አምስቱን ግማሽ ወር ሙሉ ይላሉ፤ ምክንያቱም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመቀየር 40 ደቂቃ ይጠፋል። ይህ ሐሳብ መሠረት የሌለው አይደለም። ፎርድ ሐሪስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው፣ በአንድ ጊዜ ስንት ማምረት እንደሚያዋጣ በሚያሰላው ቀመር ውስጥ የመቀየሪያው ወጪ አንዱ ወገን ነው። ሌላው ወገን የማስቀመጫው ወጪ ነው። ጸሐፊው አንዱን ብቻ ወሰዱ።

በእኛ ምሳሌ ደግሞ የመቀየሪያው ወጪ ራሱ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። ፊልተሩ በቀን 360 ኪሎ፣ ማለትም 390 ሊትር ያህል ያቀብላል። መሙያው በሰዓት 150 ሊትር ቢሞላ ሥራው በ2 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ያልቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ቢቀየር 80 ደቂቃ፣ አራት ጊዜ ቢቀየር 160 ደቂቃ ነው፤ ያም ሆኖ ከስምንት ሰዓት ውስጥ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይተርፋል። ጠርሙሱ፣ ክዳኑ፣ ሌብሉና ቀጣዩ የመሙያ አፍንጫ ማሽኑ ገና እየሠራ ሳለ አጠገቡ ቢቀርብ 40ው ደቂቃ ራሱ ይቀንሳል።

በሌላ በኩል ግማሽ ወር ጠብቆ ባለ አምስት ሊትር የሚሞላ ቤት ያን ጊዜ ሁሉ ለሱቁ «የለም» እያለ ይከርማል። ባለሱቅ ደግሞ ሁለቱንም ከአንድ ቦታ መውሰድ ይፈልጋል፤ አንዱን ያጣ ሁለቱንም ከሌላ ይገዛል። ብዛት የሚያዋጣው ከሰሊጥ ወደ ኑግ ሲዞር ነው፤ ያኔ ታንከሩም ፊልተሩም መታጠብ አለበት፣ ፊልተሩም ይቆማል። እዚያ ላይ የእርሳቸውን ምክር እከተላለሁ።

ጥራት በመጨረሻ ይታይ?

ከመታሸጉ በፊት የተገኘ ጉድለት ገንዘቡ ሁሉ ከወጣ በኋላ የተገኘ ነው። የከረፋ ወይም ረጥቦ የሻገተ አንድ ጆንያ ከሃያ ደህና ጆንያ ጋር አንድ ላይ ከተጨመቀ በኋላ መለያ የለውም፤ ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ ነው። መታየት ያለበት በር ላይ፣ ሚዛኑ አጠገብ ነው። ከየጆንያው ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር ትንሽ ትንሽ ይወሰድ፤ ተደባልቆ 1 ኪሎ ይመዘን፤ በወንፊት ይነፋ፤ የወደቀው አፈርና ገለባ ይመዘን። 40 ግራም ከወጣ 4 በመቶ ነው፤ ከ100 ኩንታል 4 ኩንታል አፈር በኑግ ዋጋ ሊገዛ ነበር። ክፍያው በንጹሕ ክብደት ይሁን፤ ገበሬውም ስሌቱን ዓይኑ እያየ ይሠራለት፤ አለበለዚያ ማጭበርበር ይመስለዋል። ያው አፈር ስክሩን የሚፈቀፍቀው መሆኑን ከላይ ብለናል።

ገበያው ራሱ ያቅድልናል?

ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚሰጡት ምክንያት የመብራት መቆራረጥ፣ የመንገድ መዘጋትና የዋጋ መዋዠቅ ስላለ ነገን ማወቅ አይቻልም የሚል ነው። ነገን ሁሉ ማወቅ አይቻልም፤ እውነት ነው። ግን በጎጃም የዘይትን ሽያጭ ከማንኛውም ነገር በላይ የሚወስነው ጉዳይ ለዓመታት አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ቁጭ ብሎ ያወጣዋል። ጾም ነው።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ከበዓለ ኀምሳ ውጭ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ። በእነዚህ ቀናት ቅቤ ከወጡ ይወጣል፣ ዘይት ይገባል። ወተት የሚያቀነባብሩት ተቃራኒውን ያውቁታል፤ ላሟ ጾም አትይዝምና ወተቱ ይመጣል፣ ጠጪው ይቀራል፤ ለዚያ ወቅት ወደ ቅቤ ማውጣት ካልታቀደ ወተቱ ይደፋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ያለፈውን ዓመት ሽያጭ በወር ሲያነጻጽር ነው። ዐቢይ ጾም በ2016 የገባው መጋቢት 2፣ በ2017 የካቲት 17፣ በ2018 የካቲት 9 ነው፤ በ2019 ደግሞ የካቲት 29። የ2018ን የካቲት አይቶ ለ2019 የካቲት ያዘጋጀ ሰው ሃያ ቀን ቀድሞ መጋዘኑን ሞልቶ ይቀመጣል፤ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ትንሣኤ ሳይደርስ ዘይት ያልቅበታል። ስለዚህ የሽያጭ ደብተሩ በወር ሳይሆን «ጾሙ ከገባ ስንተኛ ሳምንት» ተብሎ ይመዝገብ። የመጀመሪያው ሳምንት፣ የደብረ ዘይት ሳምንት፣ ሰሙነ ሕማማት፣ እያንዳንዱ የራሱ ልማድ አለው። አንድ ደብተር፣ ለየመጠኑ አንድ ዓምድ፣ በየሳምንቱ ዕቅዱና የተሸጠው ጎን ለጎን። ሁለት ዓመት ከተመዘገበ የሦስተኛው ዓመት ግምት ከየትኛውም የገበያ ወሬ ይሻላል።

ዕቅዱ ምን እንደሚፈታ በቁጥር እንይ። በሌላ ጊዜ በቀን 300 ኪሎ የሚሸጥ ቤት በዐቢይ ጾም 500 ኪሎ ይጠየቃል እንበል። አቅሙ 360 ነው፤ በቀን 140 ይጎድላል። እሑዶችና ስቅለት ሲወጡ 47 የሥራ ቀን አለ፤ ጠቅላላው ጉድለት 6,580 ኪሎ ነው። አስቀድሞ አምርቶ ለማከማቸት ቢታሰብ በሌላው ጊዜ የሚተርፈው በቀን 60 ኪሎ ስለሆነ ወደ 110 የሥራ ቀን ይፈጃል፤ ከጥቅምት ጀምሮ ማለት ነው። ያን ያህል ጊዜ የቆየ የኑግ ዘይት ጣዕሙን ማን ዋስ ይሆናል? መንገዱ ሌላ ነው። ፊልተሩ ብቻ በቀን 4 ሰዓት ተጨማሪ ፈረቃ ቢሠራ 180 ኪሎ ይጨምራል፤ 540 ይደርሳል። መጭመቂያው ይህን ለመመገብ 8 ሰዓት ተኩል ያህል ይዞራል፣ መሙያው 4 ሰዓት ያህል። ለአራት ሰዓት የሚያስፈልጉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ መብራት ከጠፋም ለፊልተሩ ፓምፕ ብቻ የሚበቃ ትንሽ ጄኔሬተር ይበቃል።

ይህን ለማድረግ ግን በር ላይ ሰልፍ ሲታይ መነሳት አይሆንም። የማታው ፈረቃ ኦፕሬተር ጨርቅ ማጠብና ማጥበቅ የሚለምደው ጾሙ ከመግባቱ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ነው። የፊልተር ጨርቁ በአንድ ተኩል እጥፍ ስለሚያልቅ ሦስተኛ ጥንድ መታዘዝ አለበት። በቀን 300 የሚሆነው ክዳን ማዘዣ ነጥቡን ከ3,000 ወደ 4,500 ያወጣዋል። ለ2019 ጾም ይህ ትእዛዝ ከጥር መጨረሻ በፊት አዲስ አበባ መድረስ ይኖርበታል።